«ቮጂሬይ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፖላንዳዊው ተዋናይና ኮሜዲያን ዬዢ ሽቱር አጭር ጽሑፍ ስተረጉም አንድ ቃል ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ዓረፍተ ነገሩ ይኸው፦ «ሽቱርን ያገነነው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የፌሊክስ ፋልክ ፊልም የተጫወተው ቮጂሬይ ነው።» የፊልሙም ስም ይኸው ነው። ቮጂሬይ በግብዣና በዳንስ ምሽት ሰው ከወንበሩ የሚያስነሳ፣ ጨዋታ የሚመራ ባለሙያ ነው። ገጸ ባሕሪው አንድ ትልቅ ግብዣ ለመምራት ሲል ተቀናቃኞቹን በተንኮልና በማሳበቅ ከመንገዱ ያስወግዳል። «አስጨፋሪ» ብዬ ጻፍኩና ቀለለብኝ። ምን ልበል?

ሰምና ወርቅ፦
አጋፋሪ! አለቀ። በቤተ መንግሥት ግብር እንግዳ የሚያስገባው፣ እንደየማዕረጉ የሚያስቀምጠው ማን ነበር?

የድጓ ልጅ፦
አጋፋሪ ያስገባል እንጂ አያስጨፍርም። አዝማች በለው። የጦር መሪም አዝማች፣ የዘፈን መመለሻም አዝማች።

ሰምና ወርቅ፦
የዘፈኑ አዝማች ከ«ዘመረ» ነው የመጣው። ከጦሩ ጋር ምን አገናኘው?

የድጓ ልጅ፦
«ረ» ወደ «ች» ስትለወጥ የት አይተሃል? ዘመረ አዝማሪን ሰጠ። ዘመተ አዝማችን ሰጠ፣ ልክ ከፈተ ከፋች እንደሚለው። ቅኔ ቤት አድረህ ቢሆን ርባ ቅምሩን፣ የግሥ እርባታውን፣ በጨረፍታም ታውቀው ነበር።

ዋርሶ የተማርኩ፦
ቃሉን ለሁለት ክፈሉት። «ቮጂች» መምራት ነው። «ሬይ» የዱሮ የጭፈራ ሰልፍ ነው። ፖላንዶች «ሬይ መምራት» ሲሉ ከሰው ሁሉ ፊት ሆኖ መዘወር ማለታቸው ነው። ሽቱር ራሱ ይህን ክርክር ይወደው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰውየው የቋንቋ ሰው ነበር። መጀመሪያ ክራኮቭ በሚገኘው ያገሎኒያን ዩኒቨርሲቲ የፖላንድ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ በ1970 ጨረሰ። ከዚያ የቲያትር ትምህርት ቤት ገባ፣ ኋላም የዚያው ትምህርት ቤት ሬክተር ሆነ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ታዲያ በአማርኛ?

የድጓ ልጅ፦
ቆይ፣ መጀመሪያ «ተዋናይና ኮሜዲያን» ያልከውን አስተካክል። ድግግሞሽ ነው። በግእዝ «ተዋነየ» ተጫወተ፣ ቀለደ ማለት ነው። ተውኔትም ጨዋታ ነው። ተዋናይ ካልክ ቀልዱ ውስጡ አለ።

የፒያሳ ልጅ፦
ታዲያ የጎንጁ የቅኔ ሊቅ ተዋነይም ኮሜዲያን ነበር በለና 😂

የድጓ ልጅ፦
በተዋነይ ለመቀለድ መጀመሪያ ከቅኔ ሁሉ አጭሯን፣ አንድ ጉባኤ ቃና ቁጠር።

ዋርሶ የተማርኩ፦
ድግግሞሽ እንኳ አይደለም የኔታ። ሰውየው ሁለቱንም ነበር። በ1979 በዳይሬክተሩ ኬሽሎቭስኪ ፊልም «አማተር» ላይ የሚጫወተው የፋብሪካ ሠራተኛ የተወለደችለትን ልጁን ልቅረጽ ብሎ ትንሽ ካሜራ ይገዛል። ካሜራው ቀስ በቀስ ትዳሩን ይበላበታል። መጨረሻ ላይ ባዶ ቤት ውስጥ ካሜራውን ወደ ገዛ ፊቱ አዙሮ ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል። እዚያ ላይ ማን ይስቃል? በ1984 ደግሞ «ሴክስሚሽን» በተባለው ፊልም ላይ ለሙከራ ተኝተው፣ ሴቶች ብቻ በሚኖሩበት የምድር ውስጥ ዓለም ከሚነቁት ሁለት ወንዶች አንዱ ነው። ያኔ አገር በሳቅ ፈረሰ። ልጆች ግን የሚያውቁት በድምፁ ነው። «ሽሬክ» የተባለው የካርቱን ፊልም በፖላንድኛ ሲወጣ የአህያው ድምፅ እሱ ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦
ሽሬክ ባይደርስለት ከጅብ የሚያስጥለው አልነበረማ።

ሰምና ወርቅ፦
ወደ አጋፋሪ እንመለስ። እኔ «ጎፈር» ከሚለው የመጣ ይመስለኛል። የአንበሳ ጎፈር ያጠለቀ፣ በር ላይ የሚቆም ግርማ ያለው ሰው።

የድጓ ልጅ፦
ጎፈሬህን አበጥረህ ና።

ሰምና ወርቅ፦
እሺ፣ የአንተን አዝማች ፊልሙ ላይ ለጥፈው እስቲ። ሕዝቡ የአድዋ ፊልም ነው ብሎ ይሰለፋል።

የፒያሳ ልጅ፦
«አሟሟቂ» ብሎ ይገላገላ። ሰርግ ላይ የምንለው እሱን አይደል?

የድጓ ልጅ፦
አሟሟቂ ወጥ ነው የሚያሞቀው።

ጠያቂው፦
ወገን፣ ጽሑፉ ነገ ጠዋት ይፈለጋል። ሰውየው በ2024 በ77 ዓመቱ ክራኮቭ ውስጥ እስካረፈበት ቀን ድረስ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። የቀረችኝ ያቺ ቃል ናት።

ሰምና ወርቅ፦
«እስካረፈበት» አይባልም፣ «እስከ ዐረፈበት» ነው። በዓይኑ «ዐ»።

የድጓ ልጅ፦
እዚህ ላይ እንኳ ልክ ነህ።