ኤሲና ፓወር ስቲሪንግ አውርጄ የባትሪ መብራት በራ፣ ሞተሩም ይሞቃል፤ እባካችሁ ቶሎ!

ባለ ዳገቱ፦
ሰላም ወገን። ነገ ጠዋት መኪናዋ ታስፈልገኛለች፣ ቶሎ መልስ የሚሰጠኝ ሰው እፈልጋለሁ። አሮጌ ናት፣ ሞተሯ 1.6 ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ሞተር ለማሠራት አቅሙ ስለሌለኝ ጭነት ልቀንስላት ብዬ የኤሲውን ኮምፕሬሰርና የፓወር ስቲሪንጉን ፓምፕ አወረድኩ። አጠር ያለ ችንጋ (ሞተሩ እነዚህን ዕቃዎች የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ) ገዝቼ አሰርኩ። አሁን ሳስነሳት ችንጋው ይጮሃል፣ የባትሪው መብራት አይጠፋም፣ ትንሽ እንደሠራች የሙቀቱ ቀስት ወደ ቀዩ ይወጣል። መሪው ድንጋይ ሆኗል፣ ከሥሩም ዘይት ያንጠባጥባል። የመስኮት ሞተሮቹንና የፍሬኑን ሰርቮም ላወጣ አስቤ ነበር። ልቀጥል ወይስ ይቅር?

ቁልፍ 13፦
ከመኪና ላይ ትልቁ ጭነት ሹፌሩ ነው። እሱን አውርደህ ሞክር 😂

የድሮ ጋራዥ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋ፣ ደግመህም አታስነሳ። ቀዩ ድረስ እያስወጣህ ከነዳኸው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይበላል፤ ያኔ የሸሸኸው ወጪ ደጅህ ድረስ ይመጣል። የራዲያተሩንም ክዳን በትኩሱ እንዳትነካ። አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። እኛ በሠራንባቸው መኪኖች ለዲናሞው አንድ ችንጋ፣ ለኤሲው አንድ፣ ለፓወሩ አንድ ነበር። አንዱን ብታወጣ ሌላው ምን ገዶት! ኋላ የመጡት ሁሉንም በአንድ ረጅም ጠፍጣፋ ችንጋ ያዞራሉ። የችንጋው መንገድ የተሰላው ሁሉም ፑሌጃ (ችንጋው የሚያልፍበት መንኮራኩር) ቦታው ላይ እንዳለ ታስቦ ነው። ሁለቱን ስታነሳ ዲናሞው ላይ የሚጠመጠመው ያንሳል፣ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል። ዲናሞው በደንብ ካልዞረ ደግሞ ባትሪ አይሞላም። የዛሬ ልጆች ችግራችሁ መፍታት ትችላላችሁ፣ ከመፍታት በፊት መጠየቅ ግን...

ዘይትና ውሃ፦
ችንጋውን አጥብቀው።

ባለ ዳገቱ፦
አጥብቄዋለሁ፣ መወጠሪያው መጨረሻው ላይ ደርሷል። ጋሼ፣ እንዳሉት አንድ ችንጋ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ውስጡ ባለ ብዙ መስመር።

ዘይትና ውሃ፦
እንግዲያው ከዚያም ያጠረ ችንጋ ግዛና አጥብቀው።

ዝምተኛው፦
አትግዛ። መጀመሪያ ይህን እይልኝ። የውሃ ፓምፑ ፑሌጃ ገጹ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ችንጋው መስመር አለው?

ሂሳብ ይቅደም፦
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ይህች መኪና አዲስ እያለች ኤሲውንም ፓወሩንም ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር፣ አይደል? ስለዚህ የጎደለው ጉልበት የሄደው ሌላ ቦታ ነው። የኤሲ ኮምፕሬሰር ፑሌጃውን የሚይዝና የሚለቅ ክላች አለው። ኤሲው ሲጠፋ ፑሌጃው ብቻ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ከሞተሩ የሚወስደው ከቁጥር አይገባም። የፓወር ፓምፑም ቢሆን ዋናውን ጉልበት የሚጠይቀው ቆመህ ወይም በዝግታ መሪ ስትጠመዝዝ ነው። ቀጥ ብለህ ዳገት ስትወጣ የሚበላብህ ትንሽ ነው። አውርደህ ያተረፍከው ምናልባት ጥቂት ኪሎ ክብደት ነው።

ባለ ዳገቱ፦
ኤሲውን ሳጠፋው ግን ትሻላለች እኮ፣ በደንብ ይታወቀኛል።

ሂሳብ ይቅደም፦
ትሻላለች፣ አልካድኩም። ትንሽ ሞተር ላይ የበራ ኤሲ ይከብዳል። እንግዲያው ዳገት ስትደርስ ማጥፊያውን ተጫን። ለዚህ መፍቻ አያስፈልግም።

ቁልፍ 13፦
ጨዋታው ተዘጋ 😂

ባለ ዳገቱ፦
ዝምተኛው፣ አየሁት። ለስላሳ ነው። ችንጋው ግን በመስመሩ በኩል ነው የያዘው።

ዝምተኛው፦
ችግርህ እሱ ነው። ለስላሳ ፑሌጃ የሚዞረው በችንጋው ጀርባ ነው። አንተ በውስጥ በኩል ስላሳለፍከው ፓምፑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። ውሃው እንደሚገባው አይዘዋወርም፣ ሞተሩ ይሞቃል። ከዚህ ያጠረ ችንጋ ብታጠብቅበት ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ነው።

ለነገ እንዲህ አድርግ። ኮምፕሬሰሩን ቦታው መልሰህ እሰር፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ግን አትሰካ። የተፈቱትን የጋዝ አፎች አቧራና ውሃ እንዳይገባ ድፈናቸው። ክላቹ ስለማይያዝ ፑሌጃው ችንጋ ማሳለፊያ ብቻ ይሆናል። የፓወር ፓምፑ ግን ክላች የለውም፣ በደረቁ ከዞረ ይነክሳል (ብረቱ ተፋጭቶ ይያዛል)። እሱን ከነቧንቧው መልስና ዘይት ሙላበት። የትኛው ዘይት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የድሮውን ችንጋ በድሮው መንገድ አሳልፍ። ኮፈኑ ሥር የችንጋው ሥዕል የተለጠፈበት መኪና ብዙ ነው፣ ፈልገው።

አየሩን ለማስወጣት የፊት ጎማዎቹን አንሣ። ጃክ ብቻውን አይታመንም፣ ከሥር ድጋፍ አድርግ። ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ከዳር ዳር በዝግታ አመላልስ፣ ዘይቱ ሲወርድ ጨምር። አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም አስነሳና ድገመው።

ፍሬን ይቅደም፦
ማንም ስለ ሰርቮው ሳይናገር ሊያልፍ ነው? ወንድሜ፣ እንዳትነካው! ፔዳሉን የሚያግዝህ ያ ከፍሬን ዘይቱ ዕቃ ኋላ ያለው ክብ ቆርቆሮ ነው። የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም ነው፤ ችንጋ አይጎትትም፣ ጉልበት አይወስድም። ብታወጣው የምታተርፈው በሁለት እግርህ ቆመህበት የማይበቃህ ፔዳል ነው። ዳገት ያስቸገረችህ መኪና ቁልቁለት ላይ ምን እንደምትሆን አስብ።

ባለ ዳገቱ፦
እሺ እሺ፣ ሰርቮው ቀረ። መስኮቱስ?

ቁልፍ 13፦
የመስኮት ሞተር አውጥተህ የእጅ መጠምዘዣ ስታስገባ እሱም ብረት ነው እኮ። ሞተሩ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ስትጫነው ብቻ ነው። ይልቅ የኋላ ሻንጣህን ክፈት። እኔ የራሴን ስከፍት ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የሞተ ባትሪና የማን እንደሆነ የማላውቀው ጃክ አገኘሁ።

መሪ ጨባጭ፦
ፓወሩን የግድ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ፓምፑን አውርደህ ቧንቧውን ክፍቱን መተው ልክ አይደለም። የሚያንጠባጥበው ዘይት ከዚያ ነው፣ ቆሻሻም ይገባል። ሰው የሚያደርገው ከመሪ ሳጥኑ ወደ ግራና ቀኝ የሚሄዱትን መስመሮች ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ እርስ በርስ ማገናኘት ነው። እንደዚያም ሆኖ ሲሠራ ጀምሮ ፓወር ከሌለው መሪ ይከብዳል። ፓወር የሌለው መሪ ክብደቱ እንዲቀልል ብዙ ዙር እንዲዞር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ያንተ ደግሞ አጭር ዙር ነው። መንገድ ላይ ምንም አይልህም። ስታቆም ግን ትከሻህ ይነግርሃል።

የድሮ ጋራዥ፦
የኤሲውን መስመር ስትፈታ ጋዙ ነበረበት? እንዲያ ፉሽ ተብሎ አይለቀቅም። እጅን እንደ በረዶ ያቃጥላል፣ ዓይን ከነካ ደግሞ አያድርስ። ለአየርም ጥሩ አይደለም። በመሣሪያ ነው የሚሰበሰበው። ሁለተኛ እንዳትደግም።

ዘይትና ውሃ፦
ችንጋውን አጥብቀው ብዬ ነበር፣ የሰማኝ የለም።

ሂሳብ ይቅደም፦
ጉልበቱ የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሞተሩ ጠፍቶ ሰው ነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥልህና አንተ ኮፈኑን ከፍተህ እይ። የነዳጅ ሽቦው ሲላላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አየር ማስገቢያው ግን ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። እንዲህ ያለ መኪና አጋጥሞኛል፤ ባለቤቱ ሞተር ሊያወርድ ነበር። ቀጥሎ ትንሽ ነድተህ ፍሬን ሳታበዛ ቁምና እጅህን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋ፣ ቸርኬውን አትንካ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ያንን እየጎተትክ ነው ዳገት የምትወጣው። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ከዚያ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የመጭመቅ ግፊት) አስለካ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ከሆነ ምንም ነገር ብታወርድ አይመለስም።

ባለ ዳገቱ፦
ኮምፕሬሰሩን እየመለስኩ ነው። አንዱ ብሎን ጠፍቶብኛል፣ በሦስት ይይዛል?

ዝምተኛው፦
አይ፣ አራቱም ይግባ። ትንሽ ካዘነበለ ችንጋውን ይበላል ወይም ይወረውረዋል። ጥርሱና ርዝመቱ የሚመሳሰል ብሎን ፈልግ።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ በመሃል ልግባ። የእኔ ኤሲ ጠፍቶም ከኮምፕሬሰሩ በኩል ይንጫጫል። ማውረድ አለብኝ?

ዝምተኛው፦
ኤሲ ጠፍቶ የሚጮህ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፑሌጃው ኩሽኔታ (የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ነው። ለማረጋገጥ ችንጋውን አውልቀህ ፑሌጃውን በእጅህ አዙረው። ከኮረኮረ ወይም ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ብቻ ይቀየራል። በብዙዎቹ ላይ ጋዙ ሳይነካ ይሠራል።

ዘይትና ውሃ፦
ችንጋውንም እይ፣ ላልቶ ይሆናል።