ወላጆችን ይዞ ወደ ቬትናም ሾርባ ቤት ስለ መሄድ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት። ወላጆቼ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ መኖር ጀምረዋል። ልጆቼ እሑድ እሑድ ወደ ቬትናም የኑድል ሾርባ ቤት መሄድ ይወዳሉ፤ አያቶቻቸውንም ይዘን እንድንሄድ ዘወትር ይወተውቱኛል። አባቴ የደም ግፊት አለባቸው፣ እናቴ ጾም አጥባቂ ናቸው፣ ሁለቱም የአሳማ ሥጋ ያለበትን ምግብ አይነኩም። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦

እኅቴ፣ ወላጆችዎ እንኳን በሰላም ገቡ። ይዘዋቸው እንዲሄዱ ሳላመነታ እመክርዎታለሁ፤ ፎ የሚባለው ይህ ሾርባ ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆነው በመልኩ እንጂ በጣዕሙ አይደለምና። የከብት አጥንት፣ እሳት ላይ ከተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ኮከብ ከሚመስለው አኒስ ጋር ለረጅም ሰዓታት በለስላሳ እሳት ይንተከተካል፤ የቅልጥም መረቅ እየጠጣ ያደገ ሰው ገና ሽታው ሲደርሰው ይረጋጋል።

በምግብ ዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ ምግብ ቁጥር ስላለው ቁጥሩን መጥራት ይበቃል፤ የሥጋውን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ግን ይጠቅማል። «ታይ» የሚባለው በስሱ የተቆረጠ ጥሬ የበሬ ሥጋ ሲሆን፣ የፈላ መረቅ ሲፈስበት ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ለብ ለብ ይላል። «ቺን» ቀድሞ የበሰለ ፍርምባ ነው፤ ጥሬ ነገር የማይደፍር ሰው ይህንን ይዘዝ። ጅማትና ሽንፍላም አለ። እናቴ መጀመሪያ የሄዱ ዕለት ሽንፍላውን በማንኪያ አውጥተው፣ ቅጠል ቅጠሉን እየገለጡ በደንብ መታጠቡን ከመረመሩ በኋላ ነበር የቀመሱት፤ «ሙያ ያላት ሴት አጥባዋለች» ብለው ፈረዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ አላዘዙም።

ከሾርባው ጋር በሌላ ሳህን የማሾ ቡቃያ፣ በሶብላን የሚያስታውስ ቅጠል፣ ሎሚና ቃሪያ ይቀርባል። ፎ የተወለደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን ቬትናም፣ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ ሲሆን፣ በዚያ ይህ ሁሉ ቅጠል አልተለመደም። እ.ኤ.አ. በ1954 አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ወደ ደቡብ የፈለሱት ሰሜናውያን ሾርባቸውን ይዘው ሄዱ፤ ቅጠሉም ጣፋጩ የሆይሲን ስጎም በደቡብ ተጨመሩበት። በ1975 የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን ከወደቀች በኋላ ስደተኞቹ ወደ አሜሪካ ያመጡት በአብዛኛው ይህንኑ የደቡቡን አበላል ነው። ስለዚህ ወላጆችዎ መረቁን መጀመሪያ እንዲሁ ይቅመሱት፤ ቅጠሉንና ቃሪያውን ከዚያ በኋላ እንደየፍላጎታቸው ይጨምሩ።

ወደ አሳማው ጉዳይ ልምጣ። የፎ መረቅ በተለምዶ የበሬ ወይም የዶሮ ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በጎኑ ለሚታዘዘው ነው። የተጠበሰው ጥቅል ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ በስስ የሩዝ ቂጣ የሚጠቀለለው ያልተጠበሰውም ከሽሪምፕ ጋር አሳማ ሊኖረው ይችላል። «ቡን ቦ ሁዌ» የሚባለው የሚያቃጥል ሾርባ የበሬ ይባል እንጂ የአሳማ እግርና የረጋ ደም ይገባበታል፤ «ሁ ቲዩ» ደግሞ መረቁ ራሱ ከአሳማ አጥንት የሚወጣ ነው። እነዚህን ሁለቱን ይለፏቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በጾም ቀን ነው። በዝርዝሩ ላይ የአትክልት ፎ ተብሎ የተጻፈው በብዙ ቤት አትክልቱ የሚገባው እዚያው የበሬ መረቅ ውስጥ ነው፤ መረቁ ከአትክልት ቢሆን እንኳ የዓሣ ስጎ ሊጨመርበት ይችላል። ጥያቄዎ «ሥጋ አለበት?» ሳይሆን «መረቁ ከምን ተሠራ?» መሆን አለበት። ደግነቱ ቬትናማውያኑም የራሳቸው ጾም አላቸው፤ ብዙ ቡዲስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋና ከዓሣ ይታቀባሉ፤ ምግቡም «ቻይ» ይባላል። ይህችን ቃል ሲጠሩ አስተናጋጆቹ፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት፣ ነገሩ የሃይማኖት ጉዳይ መሆኑን ወዲያው ይረዱና ወጥ ቤት ድረስ ሄደው ጠይቀው ይመለሳሉ። እንቁላልና ወተት አለመኖሩን ግን ለብቻው ያረጋግጡ። ይህን ያህል አክብሮት ያገኘሁበት ሌላ የውጭ ምግብ ቤት የለም፤ ለዚህም ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

ለአባትዎ ዋናው ነገር ጨው ነው። የዓሣ ስጎ ጨዋማ ስለሆነ መረቁም ጨው ይበዛበታል፤ ትንሹን ሳህን ይዘዙላቸው፣ ኑድሉንና ሥጋውን በልተው አብዛኛውን መረቅ ይተዉት፣ ገበታው ላይ ያሉትንም ስጎዎች አይጨምሩ። ሹካ ቢጠይቁ ማንም አይታዘባቸውም። ልጆቹ ግን የመመገቢያውን እንጨት ምግቡ ላይ ቀጥ አድርገው እንዳይተክሉ ይንገሯቸው፤ ለሙታን የሚተከል ዕጣን ስለሚመስል በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። ሂሳብ በብዙ ቤት መውጫው ላይ ይከፈላል፤ ጉርሻውን አይርሱ።

ቦታ ከፈለጉ ፎልስ ቸርች የሚገኘው ኤደን ሴንተር ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1984 የተከፈተ፣ ከ100 በላይ የቬትናም ሱቆችና ምግብ ቤቶች ያሉበት የገበያ ማዕከል ነው፤ የቀድሞዋ ደቡብ ቬትናም ቢጫ ሰንደቅ ዓላማ እስከ ዛሬ ይውለበለብበታል። አባትዎ ያንን ሰንደቅ አይተው ቢጠይቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ባመዛኙ የእነዚህን ሰዎች ስደት ተከትሎ የመጣ መሆኑን፣ በእነዚያው 1980ዎቹ ከሱዳን የተነሡ ብዙ ወገኖቻችንም በዚያው ሕግ መግባታቸውን ያጫውቷቸው። ጉርብትናችን የጀመረው ከዚያ ነው፤ ልጆቻችን ይህን ሳያውቁ ሾርባውን ብቻ በልተው እንዲመለሱ አልፈልግም።

ከምግቡ በኋላ ቡና ይዘዙ። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ በዓለም 2ኛዋ ቡና አምራች ናት፤ ቡናዋ ግን በአብዛኛው ሮቡስታ ስለሆነ ከእኛው ዓረቢካ ይልቅ ጠንከርና መረር ይላል። ስኳር ገብቶበት የወፈረ የቆርቆሮ ወተት ባለበት ብርጭቆ ላይ በትንሽ ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። በጾም ቀን ያለ ወተት ይጠይቁ።

ተጨማሪ፦

ወንድማችን በጥሩ ሁኔታ ስላብራሩ አመሰግናለሁ። ለሙስሊም ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። አሳማ አለመኖሩ ብቻ ሥጋውን ሐላል አያደርገውም፤ የሽሪምፕ ፎ የሚባለውም ቢሆን መረቁ ብዙ ጊዜ የበሬ ነው። እኛ የምናደርገው ከመሄዳችን በፊት ስልክ ደውለን ሥጋው ሐላል እንደሆነና ከየት እንደሚገዙት መጠየቅ ነው፤ ሐላል መሆኑን በግልጽ የሚናገሩ ጥቂት ቤቶች አሉ። ካልሆነ «ቻይ» የተባለውን እናዝዛለን፤ ጭልፋውና ድስቱ ለብቻው መሆኑንም እንጠይቃለን። እሑድ ቀትር ላይ ቤቱ ስለሚጨናነቅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በትዕግሥት የሚመልስ ሰው አይገኝም፤ በጠዋት መሄድ ይሻላል። ፎ በአገራቸው የቁርስ ምግብ ስለሆነ ብዙዎቹ ማልደው ይከፍታሉ።