ለ400 ሊትሩ የጨው ውሃ ገንዳ ማቀዝቀዣ እንሥራ፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ አራት ኪሎ በሚገኘው አዳራሻችን ያለው የጨው ውሃ ገንዳ በዚህ የበጋ ወቅት ከሰዓት በኋላ እስከ 29 ዲግሪ እየሞቀ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ 23 እየወረደ መሆኑን የመዝገብ ደብተራችን ያሳያል። በገንዳው ላሉት ኮራሎች (ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳት) የሚስማማቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው መካከል የጸና ሙቀት ስለሆነ፣ ማቀዝቀዣ በራሳችን እጅ ለመሥራት የሚያስችል ዕቅድ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «ከምናለሽ ተራ ያገለገለ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛ፤ የገንዳው ውሃም በፓምፕ በውስጡ ይዙር።» እባካችሁ ሳትቆጥቡ አስተያየታችሁን ስጡበት።

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ አባል፦
ረቂቁን ያዘጋጁትን ወንድሞች ድካም አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህን ማሽን ለዚህ ሥራ ልንገዛው አይገባም። የመጠጥ ውሃ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት 2 ሊትር ያህል ውሃ በ15 ዲግሪ ቢያበርድ ነው፤ ይህ ሲሰላ 35 ዋት ገደማ ሙቀት ማንሣት ማለት ነው። በእኛ ገንዳ ላይ ግን ከፓምፖቹና ከመብራቶቹ ብቻ 250 ዋት ያህል ሙቀት ወደ ውሃው ይገባል። ማሽኑ ቀን ከሌሊት ሳያርፍ ቢሠራ እንኳ የሰባት እጁን ሸክም ሊሸከም አይችልም፤ የማቀዝቀዣውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። በዚያ ላይ የውስጥ ጋኑ የማይዝግ ብረት ቢባልም ጨው እየቦረቦረ ይበሳዋል።

አንዳንድ አባላት የክፍል አየር ማቀዝቀዣ ፈትተን ለገንዳው እናውል የሚል ሐሳብ በቃል አንሥተዋል። ባለ 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) የሆነው 2,600 ዋት ገደማ ስለሚያነሣ፣ 400 ሊትሩን ውሃ በአሥር ደቂቃ አካባቢ በአንድ ዲግሪ ያወርደዋል። ይህ ደግሞ በተቃራኒው ከመጠን ያለፈ ነው፤ እየተነሣ ወዲያው እየጠፋ ኮምፕሬሰሩን ያደክማል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የውጭው ራዲያተርም ቆላ ላይ የሚያስወግደውን ያህል ሙቀት እዚህ አያስወግድም። ስለዚህ በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አንውሰደው።

የሥነ ሕይወት መምህርት የሆኑ አባል፦
እኔ በእጅጉ የሚያሳስበኝ የማቀዝቀዣዎች ቱቦ የሚሠራበት መዳብ ነው። የመዳብ ቱቦ የጨው ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ዓሦቹ ለጥቂት ጊዜ ቢቋቋሙት እንኳ ኮራልን፣ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል። ከዓመታት በፊት በቤቴ ገንዳ ላይ የመዳብ ጥቅል አስገብቼ ኮራሎቼን በሙሉ በአንድ ሳምንት አጥቻለሁ፤ ውሃውን ደጋግሜ ብቀይርም አሸዋውና ድንጋዩ የያዙት መዳብ ሊለቅ ስላልቻለ በመጨረሻ ሁሉንም ጣልኩት። ያ ሐዘን በማኅበራችን ገንዳ እንዲደገም አልፈልግም። የገንዳው ውሃ የሚነካው ቱቦ ታይታኒየም (ጨው የማይበላው ብረት) ወይም ፕላስቲክ ብቻ ይሁን የሚለው አንቀጽ ለድርድር ሳይቀርብ በዕቅዱ ይግባ።

ሌላው ኦክስጅን ነው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይህም ይቀንሳል። 29 ዲግሪ በምጽዋ ዳርቻ ላለ ዓሣ የሚቻል ሊሆን ይችላል፤ በአራት ኪሎ ግን ያው ሙቀት ይበልጥ ይከብዳል።

ገንዘብ ያዥ፦
የሁለታችሁም ማብራሪያ አሳምኖኛል። እንግዲያው ኮምፕሬሰር ሳንገዛ በቬንትሌተር ብቻ ልናበርደው አንችልም ወይ?

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ አባል፦
እኅታችን ያነሡት ጥያቄ የነገሩ ቁልፍ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መብራቱ በሚበራባቸው ስምንት ሰዓታት 3 ሊትር ውሃ ብናስተን፣ 250 ዋት ያህሉን ሸክም አነሣን ማለት ነው። ለዚህም በውሃው ገጽ ላይ የሚነፍሱ ጥቂት የኮምፒውተር ቬንትሌተሮች ይበቃሉ። ዘዴው በእርጥብ አየር ይደክማል፤ ሆኖም በክረምት አየሩ ሲረጥብ ሙቀቱም ስለሚቀንስ ብዙ አያስፈልገንም፤ በበጋ ሙቀቱ ሲያይል ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ያግዘናል። እንዲህ ያለ የተስማማ አየር ያላት ከተማ ውስጥ ሆነን ከኮምፕሬሰር መጀመራችን ትክክል አይመስለኝም።

የሥነ ሕይወት መምህርት የሆኑ አባል፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የሚተነው ውሃ ብቻ እንጂ ጨው አይደለምና፣ የሚጨመረው ጨው አልባ የተጣራ ውሃ መሆን አለበት። ካልተጨመረ በሊትር 35 ግራም ሊሆን የሚገባው ጨው በየቀኑ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሮቶ ላይ እንዳለው ዓይነት ተንሳፋፊ መዝጊያ ብናበጅለት ይሻላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም፣ ቢያንስ የአሥር ቀን ፍጆታ የሚሆን 30 ሊትር የተጣራ ውሃ ሁልጊዜ ተጠራቅሞ ይቀመጥ።

ሰብሳቢ፦
መብራት ሲጠፋስ ምን እናደርጋለን?

የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ አባል፦
መብራት ሲጠፋ ፓምፑና መብራቶቹም ስለሚቆሙ የሙቀቱ ምንጭ አብሮ ይቆማል፤ ያኔ የሚያሰጋው የኦክስጅን ማነስ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይገዛ። ጨው ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ስፍራ ስለሚገናኙም፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ በ30 ሚሊአምፔር ወዲያው የሚቆርጥ የመሬት ፍሳሽ መከላከያ ሳይገጠም አንድም ነገር እንዳይሰካ እለምናለሁ።

ጸሐፊ፦
በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተስተካክሏል፦

«ማኅበሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ በቴርሞስታት (ሙቀትን እየለካ በራሱ በሚያበራና በሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) የሚሠሩ ቬንትሌተሮችን ይተክላል፤ እነዚህም በ26.5 ዲግሪ ይነሣሉ፣ በ26 ይቆማሉ። የሌሊቱ ማሞቂያ ከቬንትሌተሮቹ ጋር እንዳይጋጭ በ24.5 ዲግሪ ብቻ ይነሣል። ተንሳፋፊ መዝጊያ፣ 30 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ የባትሪ የአየር ፓምፕና የመሬት ፍሳሽ መከላከያ አብረው ይሟላሉ። የውሃው ሙቀት በቀን ሦስት ጊዜ ይመዘገባል። ቬንትሌተሮቹ እየሠሩ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ በላይ ለሰባት ተከታታይ ቀናት ከቆየ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ በኮምፕሬሰር የሚቀዘቅዝ ባለ 200 ሊትር የንጹሕ ውሃ በርሜል ይሠራል፤ የገንዳው ውሃ በበርሜሉ ውስጥ በታይታኒየም ጥቅል ብቻ ያልፋል። ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንዳይነሣ ማዘግያ ይደረግለታል።»

ሰብሳቢ፦
ምዕራብ የሚያየው መስኮት መጋረጃ እንዲደረግለት ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት ይጨመርልኝ፤ ከሁሉም ርካሹ እርሱ ነውና።

ጸሐፊ፦
ተጨምሯል። ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱን የምለካው እኔ ነኝ፤ ቬንትሌተሮቹን ለመግዛት አብሮኝ መርካቶ የሚወርድ አባል ዛሬውኑ ያሳውቀኝ።