ብሬክ ላይ ሆኜም ሬዲዮ መያዝ አለብኝ?

ማታ ተረኛ፦
ሰላም ወገኖች። ሎስ አንጀለስ አንድ ህንፃ ላይ ሴኩሪቲ ነኝ፣ ማታ ማታ 8 ሰዓት እሰራለሁ። 10 ደቂቃ ብሬክ አለህ ይሉኛል፣ ሬዲዮው ግን ከወገቤ አይወርድም። ትናንት ከፍላስክ ሻይ ቀድቼ ገና አንዴ ፉት እንዳልኩ "አንዷን ሴትዮ መኪናዋ ድረስ ሸኛት" ተባልኩ። ስመለስ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ብሬኩም አልቋል። ሱፐርቫይዘሩን ብጠይቀው "ካልተጠራህ አረፍክ፣ ከተጠራህም እየተከፈለህ ነው፣ ታዲያ ምን ጎደለብህ?" አለኝ። እውነት ህጉ እንዲህ ይላል?

የኦክላንዱ፦
አይልም። ይሄ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የተቆረጠ ጉዳይ ነው። ኤቢኤም የሚባለውን የጥበቃ ድርጅት ሰራተኞቹ ከሰውት ነበር። ታሪካቸው ቁርጥ ያንተ ነው፤ በብሬክ ሰዓት ሬዲዮና ፔጀር ክፍት ይሁን፣ ተከራይ መኪናው ድረስ ሸኙኝ ካለ ሂዱ ይባሉ ነበር። በ2016 ዲሴምበር ላይ ፍርድ ቤቱ አሰሪው በእረፍት ሰዓት ከማንኛውም ስራ ነፃ ሊያደርግህ ይገባል፣ በዚያ ሰዓት የምታደርገውንም አይቆጣጠርም አለ። ስለዚህ ነገሩ መጠራት አለመጠራትህ አይደለም፣ ጆሮህን አቁመህ መጠበቁ ራሱ ስራ ነው። ይግባኝ ሰሚው የሻረውን ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ፍርድም መልሶ አፀናው።

ለ8 ሰዓት ስራ ሁለት ባለ 10 ደቂቃ እረፍት ይገባሃል፣ ከነክፍያው። ካልሰጡህ ለዚያ ቀን የ1 ሰዓት ደሞዝ ይጨመርልሃል። ሁለቱም ቢቀሩ ያው 1 ሰዓት ነው፣ እሱ ሁሌ ያናድደኛል።

ጋሼ ፓርኪንግ፦
ቆይ ልጄ፣ ዩኒየን (የሰራተኛ ማህበር) አላችሁ? በ2020 ለጥበቃ ሰራተኞች የተለየ ህግ ወጥቷል። በዩኒየን ውል የምትሰሩ ከሆነ ግቢው ውስጥ ሆናችሁ፣ ሬዲዮም ይዛችሁ እረፉ ማለት ይችላሉ። ግን ውሉ ስለ እረፍቱ በግልፅ መናገር አለበት፣ የሰዓት ደሞዙም ከስቴቱ ዝቅተኛ የሰዓት ደሞዝ ቢያንስ በ1 ዶላር መብለጥ አለበት። ደግሞ እረፍትህ ከተቋረጠ ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ሻይህንም እንደ አዲስ ትቀዳለህ ማለት ነው። ያንን ከከለከሉህ ያቺ የ1 ሰዓት ክፍያ ትመጣለች።

ማታ ተረኛ፦
ዩኒየን የለንም ጋሼ። እዚህ ከገባሁ 4 ዓመቴ ነው። ብናገር ሺፍቴን ይቆርጡብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

የኦክላንዱ፦
ወደ ኋላ መጠየቅ የሚቻለው 3 ዓመት ነው፣ ስለዚህ በዘገየህ ቁጥር ከኋላ እየተቆረጠብህ ነው። ሌበር ኮሚሽነር (የስቴቱ የሰራተኛ መብት ቢሮ) ጋ ክስ ማስገባት በነፃ ነው፣ ጠበቃ የግድ አያስፈልግህም፣ የመኖሪያ ወረቀትህንም አይጠይቁህም። መብቱን በጠየቀ ሰራተኛ ላይ መበቀል ክልክል ነው፤ አያደርጉትም ማለቴ ግን አይደለም። ለዚህ ነው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ለምን እንደጠራህ ከዛሬ ጀምረህ መፃፍ ያለብህ።

ጋሼ ፓርኪንግ፦
ሬዲዮውን በራስህ አጥፍተህ እንዳትጠፋ ብቻ፣ እሱን ይዘው ነው የሚያባርሩህ። መጀመሪያ "ብሬክ ላይ ሬዲዮውን ለማን ላስረክብ?" ብለህ በቴክስት ጠይቀው። "ይዘኸው እረፍ" ብሎ ከመለሰልህ በገዛ እጁ ፃፈልህ ማለት ነው።