ስሊቭ አድርገን ከተመለስን በኋላ ችግር ቢፈጠርስ? ከአሁኑ ምን ላዘጋጅ?

ታናሽ ወንድም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ከአንድ ወር በኋላ ስሊቭ የሚባለውን፣ ክብደት ለመቀነስ አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የሚያወጣውን ኦፕራሲዮን ለማድረግ ውጭ አገር ትሄዳለች። አስታማሚ ሆኜ የምሄደው እኔ ነኝ። ስለ ሆስፒታል ምርጫ አልጠይቅም፣ እሱን ወስናለች። እንቅልፍ የነሳኝ ከተመለስን በኋላ ያለው ነው። በ4ኛው ቀን ትበራላችሁ ብለውናል። ቤት ገብተን ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ሆዷን የከፈተው ሐኪም ባሕር ማዶ ነው። ስኳርም አለባት። ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን ይዤ ልጠብቅ? የትኛውን ምልክት ሳይ ነው «እስኪነጋ እንይ» የማልለው?

የማለዳ ፀሐይ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ባለቤቴን አስታወስከኝ። ስሊቭ ካደረግሁ 2 ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ደህና ነኝ፣ በማድረጌም አልጸጸትም። ግን በ9ኛው ቀን፣ ቤቴ በገባሁ በ3ኛው ሌሊት፣ ጨጓራዬ በስቴፕለር ከተዘጋበት መስመር ላይ ሾልኮ ፈሳሹ ወደ ሆዴ ይገባ ነበር። ሐኪሞቹ ሊክ ይሉታል።

አጀማመሩን በደንብ ልንገርህ። እኔ ስፈራ የነበረው አንጀት የሚቆርጥ ሕመም ነው። እሱ አልመጣም። ቀድሞ የመጣው የልብ ምት ነው። ጋደም ብዬ ልቤ ደረጃ ሮጦ እንደወጣ ሰው ይመታል። ባለቤቴ የእጄን አንጓ ይዞ በስልኩ እያየ ቆጠረ፤ 128። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደገመ፤ 126። ትኩሳቴ 37.6 ብቻ ነበር። ግራ ትከሻዬን ይወጋኛል፤ እኔ ግን የአውሮፕላኑ ወንበር ያመጣብኝ መስሎኛል። ስለዚህ ዝም ብላ ተኝታ የልብ ምቷ ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ሌላ ምንም ባይኖር እንኳ ያን ሰዓት ተነሱና ሂዱ። ትንፋሽ ካጠራት፣ ሆዷ ከደነደነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ካስመለሰች ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረም እንደዚያው።

ድንገተኛ ክፍል ስደርስ የገጠመኝን ደግሞ ስማ። እያለከለክሁ «ጨጓራዬን…» ስል ተረኛው ሐኪም ጨጓራ አለባት ብሎ ሰማኝ። እንደምታውቀው በእኛ አፍ «ጨጓራ» ማለት በሽታውም ነው። የአሲድ ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ካደረግሁበት ሆስፒታል የተሰጠኝን ወረቀት አውጥቶ ባያሳይ ኖሮ ያን ሌሊት ወደ ቤት እመለስ ነበር። ወረቀቱ ደግሞ ከቀኑ በቀር እዚያ ከነበረው ሰው አንድም የሚያነበው አልነበረም። ሲነጋ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም መጣ። ኮንትራስት የሚባለውን ፈሳሽ አጠጥቶኝ ሲቲ ስካን ሲያስነሳኝ ነው የተገኘው።

እናም ከመውጣታችሁ በፊት የኦፕራሲዮኑን ሙሉ ሪፖርት ተቀበል። አንድ ገጽ የመውጫ ወረቀት አይበቃም። ምን ዓይነት ኦፕራሲዮን እንደሆነ፣ የተዘጋው መስመር ተፈትሾ እንደሆነ፣ ሌላ የነኩት ነገር ካለ፣ የሰጧት መድኃኒት ሁሉ ይጻፍበት። የአገራችሁ ሐኪም በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። ፎቶ አንስተህ በሁለታችሁም ስልክ አስቀምጥ። ከዚያ በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «በዚህ ቀን አብዛኛው ጨጓራዋ በኦፕራሲዮን ተቆርጦ ወጥቷል። ሊክ ሊሆን ይችላል። ሰርጅን ሳያያት በአፍንጫ ቱቦ አይግባባት።» ቦርሳዋ ውስጥ ይቀመጥ። እሷ መናገር ቢያቅታት ካርዱ ይናገርላታል።

እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። አገሬ ላይ የሚቀበለኝን ሐኪም ሳልይዝ ሄድኩ። የፈለግሁት ሊክ ላይ እያለሁ ነው። አንተ ከአሁኑ ሄደህ ፊት ለፊት ጠይቅ፤ «እዚያ ይሄን ልታደርግ ነው፣ ችግር ቢመጣ ያዩልናል?» በለው። ሌላ ሰው የሠራውን አልነካም የሚልህ ይኖራል። ያንን ዛሬ መስማት ይሻላል። ሌሊት ሲቲ ስካን የሚሠራው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያለው የት እንደሆነም አጣራ።

ገንዘቡንም ኦፕራሲዮኑ ላይ አትጨርሱት። እኔ 23 ቀን ተኛሁ። የጉዞ ኢንሹራንሴ አስበሽበት ለሄድሽው ኦፕራሲዮን አንከፍልም አለኝ፤ ውሉ ላይም ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩትም።

4 ቀን የሚለውንም አልወደድኩትም። ሊክ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ቲኬታችሁ ቀኑ የሚቀየር ይሁን። ከቻላችሁ እዚያው አካባቢ ሰንብቱ።

የሌሊት ተረኛ፦
የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ነኝ። እህታችን ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ሦስት ነገር ልጨምር።

የደም መርጋት። ከኦፕራሲዮን በኋላ ረጅም በረራ አደጋውን ይጨምራል። ደም ማቅጠኛ መርፌው ቤት ከገባችሁ በኋላም ስንት ቀን እንደሚቀጥል ጠይቅና ይዘኸው ና። አውሮፕላን ውስጥ እየተነሳች ትራመድ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠራት ሆስፒታል ነው።

ማስመለስ። ለቀናት ካስመለሰች ቫይታሚን ቢ1፣ ታያሚን የሚባለው፣ ከሰውነቷ ያልቃል። ግሉኮስ ሲሰቀልላት ታያሚኑ መቅደም አለበት። ሰው ይረሳዋል፣ አንተ አስታውስ። ከተደናገረች፣ ሁለት ሁለት ከታያት ወይም ስትራመድ ከተንገዳገደች አእምሮ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

ስኳሩ። የምትበላው በአንዴ ስለሚቀንስ የድሮው መጠን ስኳሯን ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል፤ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ከሆነ። አዲሱን መጠን በጽሑፍ አስይዛት።

ባይፓስ ያደረገ፦
እኔ ሳልፈራው የመጣው ዘግይቶ ነው። የኔ ባይፓስ ነው፣ ጨጓራን አሳንሶ ምግብ የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው፤ አንጀቴ ውስጥ ለውስጥ ተሾልኮ የታነቀው በ3ኛው ዓመት። ከበላሁ በኋላ የሚመጣ፣ የሚሄድ የሚመለስ ቁርጠት ነበር። ወረቀቱን ስላልጣልኩት ተረፍኩ። ለእህትህም ከዓመት በኋላ አያስፈልግም ብለህ አትጣለው። ስሊቭም ቢሆን ክብደት ቶሎ ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ሊመጣ ይችላል፤ መከላከያ ክኒን ትፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ታናሽ ወንድም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ አንቺንም በጣም። ዛሬ ለሆስፒታሉ ጽፌ 10 ቀን እንድንቆይ ጠየቅሁ፣ እሺ ብለዋል። ነገ አንድ ሰርጅን ጋ ቀጠሮ አለኝ። ካርዱን ማታ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እህቴ የልብ ምት የሚያሳይ የእጅ ሰዓት አላት። እሱን ልመን?

የማለዳ ፀሐይ፦
ሰዓቱ ይሁን፣ ግን አንተም በጣትህ ቁጠር፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ተኝታ ለተወሰኑ ቀናት ቁጠርላትና ጻፈው፣ የራሷን ቁጥር እወቅ።

የሌሊት ተረኛ፦
የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች? አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ከሆነ ምቷን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ያኔ 120 እስኪሞላ አትጠብቅ። የመድኃኒቱን ስም ካርዱ ላይ ጨምረው።