የጋራ የፀሐይ ኃይል ፕሮጀክት ረቂቅ፦ የድሬዳዋ አነስተኛ አምራቾች የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የደረሳችሁ ረቂቅ «ከበካይ ኃይል ወደ ታዳሽ ኃይል እንሸጋገር» ብሎ ይጀምራል። ለከተማ አስተዳደሩ ከመቅረቡ በፊት ሐሳባችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የብየዳ ሥራ ባለቤት፣ ሳቢያን፦ መግቢያው መታረም ያለበት ይመስለኛል። ከመስመር የምናገኘው ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኛ ዘንድ በካይ የሆነው መብራት ሲጠፋ የምናስነሳው ጄኔሬተር ነው። ግድቡ ቢሞላም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተበላሸ ሥራ ይቆማልና፣ መነሻችን የአገሪቱ የኃይል ምንጭ ሳይሆን በመቆራረጥ ምክንያት የሚባክነው የሥራ ሰዓትና የሚቃጠለው ናፍጣ ሊሆን ይገባል።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፦ በወንድማችን ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወፍጮዬ ከመጀመሪያው ዙር ይውጣ። ሞተሩ ሲነሳ ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ያንን የሚችል ኢንቨርተር (የፀሐዩን ኃይል ሞተር ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) ለመግዛት ብቻ ገንዘባችን ያልቃል። ይልቁንስ ለከፊራ ገበያ ነጋዴዎች የጋራ ማቀዝቀዣ ክፍል ይቅደም። ቲማቲምና ወተት የሚበላሹት ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ነው፤ ኃይሉም የሚገኘው ያኔው ነው። ቀን በረዶ ሠርተን ለሌሊት ካስቀመጥን ደግሞ ውድ ባትሪ አያስፈልገንም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያ አባል፦ ድሬዳዋ ሙቀቷ ለፀሐይ ፓነል የሚመች እንዳይመስላችሁ። የፓነል አቅም የሚለካው በ25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ምርት ይቀንሳል። ፓነሉ 60 ዲግሪ ቢደርስ ከ10 እስከ 14 በመቶ እናጣለን ማለት ነው። ስለዚህ ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ይተከል፤ አቧራ የሚጠርግ ሰው ደመወዝም በበጀቱ ይግባ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

የኢኮኖሚክስ መምህር አባል፦ «ፕሮጀክቱ የከተማዋን ኢኮኖሚ ያሳድጋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። ኃይል ዕድገትን ያመጣል ወይስ ዕድገት የኃይል ፍጆታን ይጨምራል የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ መረጃ ላይ የተሠራው ቀዳሚ ጥናት መንስኤው ዕድገቱ ነው ሲል፣ በኋላ የመጡት እንደየአገሩ የተለያየ ውጤት አግኝተዋል። እኛ ልናሳይ የምንችለው የዳነ ምርትንና የቀረ ናፍጣን ነው፤ እርሱን መለካት ይቻላል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ መግቢያው በዚህ ይተካል፦ «መብራት በሚቆራረጥበት ጊዜ የሚባክነውን ሥራና ምርት ለማዳን፣ ከጋራ ማቀዝቀዣ ክፍል በመጀመር የፀሐይ ኃይልን መጠቀም።» የሚለካ ነገር እንዲኖረን እያንዳንዱ አባል መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ የገዛውን ናፍጣ በሊትርና የተበላሸበትን ዕቃ ለ30 ቀናት በደብተር ይመዝግብ። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ቦታ ከነጋዴዎቹ ጋር ስላልተመከረበት ለሚቀጥለው ስብሰባ ተይዟል።