የአክስለሬተር ንጽጽር ፕሮፖዛል፦ 2ኛ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። በቪዲዮ ውስጥ ነገሮችን የሚለይ የኤአይ ሞዴል የሚያፋጥኑ አራት ዕቃዎች ይነጻጸራሉ፦ ኮራል ዩኤስቢ፣ ሃይሎ-8፣ ጄትሰን ኦሪን ናኖ እና አንድ የኤፍፒጂኤ (ውስጣዊ አሠራሩ እንደገና ሊዋቀር የሚችል ቺፕ) ቦርድ። ሞዴሉም ቪዲዮውም ለሁሉም አንድ ነው፤ ፍሬም የሚገባው አንድ በአንድ። በሰከንድ 30 ፍሬም ካልን ለእያንዳንዱ ያለን 33 ሚሊሰከንድ ነው። ቪዲዮ መፍታቱም፣ መጠን ማስተካከሉም፣ ሞዴሉ በአንድ ነገር ላይ ደጋግሞ የሚያስምራቸውን ተደራራቢ ሳጥኖች ማጣራቱም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። አማካይ አልቀበልም፤ ከ100 ፍሬም 99ኙ የማያልፉት ጊዜ ይመዝገብ።

ገንዘብ ያዥ፦ አራት ዕቃ የሚገዛ ካዝና የለንም። ሁለት ምረጡ።

የጄትሰን ቡድን፦ እንግዲያው አንዱ ታወቀ። 67 ቶፕስ (በሰከንድ 67 ትሪሊዮን ስሌት) ሌላ የት አለ?

የኮራል ቡድን፦ ደግሞ ጀመራችሁ! 67 የሚሞላው ከሞዴሉ ክብደቶች (በሥልጠና ከተማራቸው ቁጥሮች) ግማሹ ዜሮ ሆኖ ሲዘለል ነው። ሞዴሉን ለዚያ ካላዘጋጃችሁት ግማሹን ቀንሱ። እሱንም በ25 ዋት። የእኛ 4 ቶፕስ በ2 ዋት ነው፤ አካፍሉና እዩት።

የጄትሰን ቡድን፦ ኮራል ውስጡ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ነው። ሞዴሉ ከዚያ ሲያልፍ በዩኤስቢ ሲያመላልስ ይመሻል። ደግሞ በዋት ካላችሁ፣ ፋን ይቆጠራል? የእኛ ከነፋኑ ነው የሚመጣው። እናንተ ባለፈው ቬንትሌተር ከፍታችሁ ነው የለካችሁት።

የኮራል ቡድን፦ ቬንትሌተሩ ለሰው ነበር።

የጄትሰን ቡድን፦ ለሰው ከሆነ ለምን ወደ ጠረጴዛው ዞረ?

አዲስ አባል፦ ኮራልም ሃይሎም እኮ ያለ አስተናጋጅ ኮምፒውተር አይሠሩም፤ ጄትሰን ግን ራሱ ኮምፒውተር ነው። የአስተናጋጁ ዋት ከየትኛውም ፋን ይበልጣል። እሱን ማን ይቆጥራል?

የኮራል ቡድን፦ መጀመሪያ የፋኑ ይለቅ። የሰው ቬንትሌተር ሪፖርት ውስጥ ይግባ የሚል ካለ ቡድናችን ይወጣል።

ሰብሳቢ፦ ማንም አይወጣም። በቦርዱ ላይ የተገጠመ ፋን ይቆጠራል፤ የክፍሉ አይቆጠርም፣ ግን ይጠፋል።

የጄትሰን ቡድን፦ ከጠፋ ይሁን።

የኮራል ቡድን፦ ክፍሉ እንደሚሞቅ እያወቃችሁ? ቺፑ ሲግል ፍጥነቱን ሊቀንስ ነው።

የጄትሰን ቡድን፦ የእኛም ይቀንሳል። ልዩነቱ እኛ ፋኑን ሒሳብ ውስጥ አስገብተናል።

ጸሐፊ፦ ሃይሎ-8 በ2.5 ዋት ገደማ 26 ቶፕስ ይላል። በዋት ከተካፈለ ሁለታችሁንም ይበልጣል። ስለ እሱ የሚጽፍ የለም?

ኦዲተር፦ የሞዴሉን ቁጥሮች ወደ 8 ቢት የማውረዱን ሥራ ማን ወሰደ? ኮራል ያለ 8 ቢት አይሠራም። ትንንሽ ነገሮችን መለየቱ ስንት ነጥብ እንደሚወርድ ካልታየ ፍጥነቱ ብቻውን ምን ያደርግልናል። አንድ አባል «ለእኔ ተዉት» ብሎ ነበር።

ጸሐፊ፦ ደወልኩለት፤ አያነሳም። ኤፍፒጂኤውን የያዘውም እንዲሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ኤፍፒጂኤው ይውጣ። የሁሉንም ዋት ከግድግዳው ሶኬት የሚለካ አንድ መለኪያ እገዛለሁ፤ አስተናጋጅም ፋንም አብሮ ይቆጠራል፣ ክርክሩም ያበቃል።

የኮራል ቡድን፦ ከሶኬት ከሆነ የፓወር ሰፕላይ ብክነትም በእኛ ላይ ሊጻፍ ነው። መለኪያው በዩኤስቢ ገመዱ ላይ ይሁን።

የጄትሰን ቡድን፦ እኛ ጋ የዩኤስቢ ገመድ የለም።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም መለኪያዎች ይገዙ። ፕሮፖዛሉ «የኃይል አለካክ መመሪያ» ተብሎ ይቅረብ፤ ንጽጽሩ በሁለተኛው ዙር።

ኦዲተር፦ 99ኙስ? 33 ሚሊሰከንዱስ?

ጸሐፊ፦ አባሪ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። የመለኪያዎቹን ዋጋ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።